በአልኮል የሚፈታው ቀለምና የእኛ ቆዳ

  የዚህ ምሽት አዘጋጆች “ስለ ሜካፕ ተናገሪ” ብለው ሲጋብዙኝ፣ ከመካከላችሁ የሙሽራ ሜካፕ ጠብቆ የሚመጣ ሰው እንደሚኖር ገምቼ ነበር። እሱን ከእኔ አሳምረው የሚያውቁ ብዙ ናቸው። የእኔ ሥራ ቆንጆውን ሰው አበላሽቶ ካሜራ ፊት ማቆም ነው። የበለዘ ዓይን፣ የተሰነጠቀ ከንፈር፣ የቃጠሎ ጠባሳ፣ የእስር ቤት ክሳት፣ የአያት ንቅሳት። ለዚህ ሥራ ከምንጠቀምባቸው ነገሮች ዛሬ የማነሣው አንዱን ብቻ ነው፤ በአልኮል የሚፈታውን ቀለም።

ከዕቃው ልጀምር። ይህቺ የያዝኳት ሣጥን ከእጅ ስልክ ብዙም አትበልጥም። ውስጧ የደረቁ ቀለሞች በየጉድጓዳቸው ተቀምጠዋል። በውሃ ብታሿቸው ንቅንቅ አይሉም። ብሩሹን አልኮል አስነክታችሁ ስታሳርፉባቸው ግን ይለቃሉ። ቆዳ ላይ ሲቀቡ አልኮሉ በሰከንዶች ውስጥ ተንኖ ይሄድና ቀለሙና ሙጫው ስስ ሽፋን ሆነው ይቀራሉ። ከዚያ ወዲያ ላብ አያወርደውም። የሸሚዝ ኮሌታ አያነሣውም። ተዋናዩ አልቅሶ እንባውን በመዳፉ ቢጠርግ ቁስሉ አብሮ አይጠረግም። በቅባት የሚሠራው ቀለም ለመቀባት ደስ ይላል፤ ሆኖም ፓውደር ካልተነሰነሰበት አይረጋም፣ ከተነሰነሰበትም በቅርብ ሾት ላይ ዱቄቱ ራሱን ያሳያል። የውሃው ቀለም ደግሞ ለልጆች የልደት ድግስ ጥሩ ነው። የልደት ድግስ ላይ ማንም በላብ ተጠምቆ አንድን ሲን ደጋግሞ አይሮጥም።

ከመቆየቱ በላይ ግን እኔን የሚማርከኝ ማሳየቱ ነው። ሽፋኑ ስስ ስለሆነ ከሥሩ ያለው ቆዳ ይታያል፤ ማድያቱም፣ የድሮ የብጉር ምልክቱም፣ የቆዳው ቀዳዳም በቦታው አለ። ስለዚህ አንድ ቀለም አወፍረን አንቀባም። በላይ በላዩ እየደረብን፣ አንዱ በሌላው ውስጥ እንዲታይ እያደረግን እንሠራለን። እዚህ ላይ ለጀማሪዎች አንዲት ነገር ልንገራችሁ። ሁለተኛውን ስትደርቡ ብሩሹ አልኮል ከበዛበት የመጀመሪያውን ፈትቶ ያነሣዋል። ብሩሹን ጨርቅ ላይ ቆንጠጥ አድርጋችሁ፣ እርጥበቱ ሲቀንስ ነው መንካት ያለባችሁ። አንዴ ያረፈውን ደግሞ በጣት ማሸት ክልክል ነው፤ መታ መታ ብቻ።

ዘዴው የውጭ ነው፣ መደበቅ አያስፈልግም። የዘመናዊ የፊልም ሜካፕ አባት የሚባለው አሜሪካዊው ዲክ ስሚዝ፣ “ዘ ኤክሶርሲስት” ላይ የምታውቁት፣ ፕሮስ-ኤይድ የተባለውን ሙጫ ከአክሪሊክ ቀለም ጋር ቀላቅሎ ፊት ላይ በሚለጠፍ ጎማ ላይ የማይሰነጠቅ ቀለም ሠርቶ ነበር። የአልኮሎቹ ፓሌቶች ከዚያ በኋላ መጡ። ፍሬድ ብላው ለሐሰተኛ ንቅሳት የሚሆኑ ቀለሞችን አዘጋጀ፤ ኬኒ ማየርስ ስኪን ኢለስትሬተር የተባለውን ዛሬ በየሎኬሽኑ የሚታየውን ፓሌት አወጣ። እንዲህ ያለ ሥራ ማየት ለምትፈልጉ ሩቅ አልልካችሁም። በእ.ኤ.አ. 2004 የወጣውን “ዘ ፓሽን ኦፍ ዘ ክራይስት” በሰሙነ ሕማማት ያላየ ከዚህ አዳራሽ እጁን ያውጣ። የግርፋቱን ቁስል ከሠሩት አንዱ ክሪስቲን ቲንስሊ፣ ቀድሞ የተዘጋጀ ቁስልን ከወረቀት ወደ ቆዳ በማስተላለፍ ዘዴው በእ.ኤ.አ. 2008 ከኦስካር ሰጪው አካዳሚ የቴክኒክ ሽልማት ተሸልሟል። እንዲህ ተለጥፎ የሚመጣ ቁስል ጠርዙ ከሰውየው ቆዳ ጋር የሚዋሃደው አብዛኛውን ጊዜ በዚሁ በአልኮል ቀለም ነው።

እንግዲህ ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ይህ ሣጥን የተቀመመው ለሌላ ቆዳ ነው።

“ብልዝ” የሚል ስም የተለጠፈበትን ፓሌት ክፈቱ። ደማቅ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ታገኛላችሁ። ቀለሞቹ በዘፈቀደ አልተመረጡም። ከቆዳ በታች የፈሰሰ ደም በየቀኑ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ቀይና ሐምራዊ ነው፣ በአንድ በሁለት ቀን ይጠቁራል፣ ከዚያ የደሙ ቀይ ነገር ሲፈርስ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል፣ ቀጥሎ ወደ ቢጫ፣ በመጨረሻ ቡናማ ሆኖ ይጠፋል። የማንም ሰው ደም እንዲህ ነው። ልዩነቱ ለውጡን የምናየው በቆዳው ቀለም ውስጥ አሻግረን መሆኑ ላይ ነው። በነጭ ቆዳ ላይ ቢጫው ቁልጭ ብሎ ይወጣል። በጠይም ቆዳ ላይ ቢጫው ይሰምጣል፤ አረንጓዴው የወይራ ቅጠል ዓይነት ጥላ ይሆናል፤ ቀዩም በቀይነቱ አይታይም፣ ቆዳው ባለበት ጠቆር ይልና ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። ከሣጥኑ እንደወጣ የቀባችሁት ቀይ ካሜራው ላይ ቀለም ነው የሚመስለው፣ ምክንያቱም ቀለም ነው።

ይህ የሜካፕ ሠሪ ቅብጠት እንዳይመስላችሁ። ሐኪሞችም ተመሳሳይ ችግር አለባቸው። የሕክምና መጻሕፍት ሽፍታውንም መቅላቱንም የሚያሳዩት በብዛት በነጭ ቆዳ ፎቶግራፍ ነው። በእ.ኤ.አ. 2020 ማሎን ሙክዌንዴ የተባለ በለንደኑ ሴንት ጆርጅስ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ተማሪ፣ ከመምህራኑ ጋር ሆኖ “ማይንድ ዘ ጋፕ” የተባለ መመሪያ አወጣ፤ በጥቁርና በጠይም ቆዳ ላይ የበሽታ ምልክት ምን እንደሚመስል የሚያሳይ። እኔ ያንን መመሪያ የማየው እንደ ሜካፕ መጽሐፍ ነው። ሐኪሙ ሳይታየው ያለፈውን እኛም ሳይታየን እንቀባለን።

ታዲያ እንዴት እንሥራው? በጠይም ፊት ላይ የሁለት ቀን ብልዝ ከሥር ወደ ላይ ይሠራል። መጀመሪያ ወይን ጠጁን በአልኮል በደንብ አቅጥኜ በጥቁር ስፖንጅ መታ መታ አደርገዋለሁ፤ ጠርዝ እንዳይኖረው። ቀጥሎ አጥንት ያለበትን ቦታ፣ ማለትም የጉንጩን አናትና የቅንድቡን ቅስት፣ በጥቁር ቡናማ አጠልቀዋለሁ፤ ቡጢ የሚያርፈው አጥንት ላይ ነውና። ከዚያ ከኮንስትራክሽን ዕቃ መሸጫ የገዛሁትን ርካሽ የግድግዳ ቀለም ብሩሽ ጸጉሩን አሳጥሬ ቆርጬ፣ ቀለም አስነክቼ በጣቴ እፈናጥረዋለሁ። ጥቃቅኑ ፍንጥቅጣቂ ነው ቆዳን ቆዳ የሚያስመስለው፤ የማንም ሰው ቆዳ አንድ ወጥ ቀለም የለውም። ፍንጥቅጣቂው ሲደርቅ የተዋናዩን የራሱን የቆዳ ቀለም አቅጥኜ በላዩ አሳልፍበታለሁ፤ ያኔ ብልዙ ከቆዳው በታች ይገባል። በመጨረሻ እብጠቱ። ያበጠ ቆዳ ተወጥሮ ያብለጨልጫል፤ በጠይም ሰው ላይ ሕመሙን ከቀለሙ ይልቅ ይህ ብልጭታ ነው የሚናገረው። ትንሽ ጄል ጫፉ ላይ። መስታወት አትመኑ፤ ሞኒተሩ ላይ ሄዳችሁ እዩት።

ዳይሬክተሩ በዚህ ሰዓት መጥቶ “እቱ፣ ደም ጨምሪበት” ማለቱ አይቀርም። ሁሉም ይላሉ። ደም በቀላሉ ይታያል፣ ብልዝ ግን ማስተዋል ይጠይቃል። ድሮ ይህ ጭንቀት አልነበረም፤ በ1957 ዓ.ም. የወጣው “ሂሩት አባቷ ማነው?” ጥቁርና ነጭ ፊልም ነበር፤ በጥቁርና ነጭ ደም ምን ቀለም እንዳለው የሚጠይቅ የለም። ብሔራዊ ቴአትር መድረክ ላይ የሚሠራ ሜካፕም ለኋለኛው ወንበር መድረስ ስላለበት መጋነኑ ግድ ነው፤ ነውርም የለበትም። በዛሬ ካሜራ፣ በቅርብ ሾት፣ ያ ጉልህነት ያጋልጠናል። ብዙዎቻችን ሙያውን የቀሰምነው ደግሞ ከመድረክ ሰዎች ነው። የጉማ ሽልማት ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ የፊልም ሰዎችን ሲያከብር ዓይናችንም አብሮ እየተሞረደ ነው፤ ያም ቢሆን በየድራማው “የደም ጎርፍ” ማየት አላቆምንም።

ቀይ በእኛ ቆዳ ላይ አይታይም አልኩ። የሚታይባቸው ቦታዎች አሉ፤ የዓይን ነጩ ክፍል፣ የከንፈር ውስጠኛው፣ መዳፍ፣ ውስጥ እግር። ውስጥ እግርን ሳነሣ ከመካከላችሁ ትልልቆቹ ወዴት እንደምሄድ ሳይገባችሁ አልቀረም።

ከዚህ ከጎተራ ወደ መስቀል አደባባይ ቅርብ ነው፤ ሁለቱም በቂርቆስ አካባቢ ናቸው። በአደባባዩ ጥግ በ2002 ዓ.ም. የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም አለ። ስለ ቀይ ሽብር ዘመን ፊልም ለመሥራት ለተነሣ ሰው የመጀመሪያው የሜካፕ ትምህርት ቤት እሱ ይመስለኛል። ፎቶግራፎቹን፣ ልብሶቹን፣ አጽሞቹን ታያላችሁ፤ በዚያ ዘመን ታስረው የነበሩ ሰዎች እየመሩ ሲያስረዱም ልትሰሙ ትችላላችሁ። የቴዎድሮስ ተሾመ “ቀይ ስህተት” እና የኃይሌ ገሪማ “ጤዛ” ያንን ዘመን ነክተዋል፤ ሌሎችም ይነኩታል። ውስጥ እግር የሚገረፍበትን፣ “ወፌ ላላ” የሚባለውን ግርፊያ የሚያሳይ ሲን ሲጻፍ ሜካፑ እዚያው ውስጥ እግር ላይ ነው። የውስጥ እግር ቆዳ ነጣ ያለና ወፍራም ነው። ቀዩና ሐምራዊው እዚያ ቁልጭ ብለው ይወጣሉ፤ ፊት ላይ የምንፈራውን ቀለም እዚያ በድፍረት መጠቀም ይቻላል። ቆዳው ወፍራም ስለሆነ እብጠቱ ቶሎ ጎልቶ አይታይም፤ ዋናው ቀለሙና አረማመዱ ነው። ተዋናዩ በዚያ እግር ሲሚንቶ ላይ ይራመዳል፣ ይወድቃል፣ ይጎተታል። በቅባት ቢሠራ ሁለተኛው ቴክ ላይ ወለሉ ይቀላ ነበር። የአልኮሉ ይቆያል፣ ደርቆ ከተረጋ። ጣትና ጣት መካከል ግን ላብ ስለሚጠራቀም ይላጣል፤ በየቴኩ ማየት ነው።

በዚህ ጉዳይ ላይ አቋም አለኝ። የዚያ ግርፋት ጠባሳ በእግሩ ያለበት ሰው አጠገባችን ተቀምጦ ፊልሙን ሊያይ ይችላል። ስለዚህ ቁስሉ ማነስ ካለበት ይነስ፤ ከተደረገው በላይ ማጋነን ግን ለእኔ ውሸት ነው። ዳይሬክተር ይህን ሲቃወመኝ እከራከራለሁ፤ ከተሸነፍኩም ብሩሹን ለሌላ እሰጣለሁ።

ወደ ደስ የሚለው ልለፍ፤ ንቅሳት።

የአልኮል ቀለም ከመነሻው ለንቅሳት የተፈጠረ ያህል ነው፤ የውጭዎቹ ፊልሞች እስረኛውንና ወንበዴውን የሚነቅሱበት እሱ ነው። እኛ ደግሞ ከዚያ ሁሉ የሚበልጥ አለን፤ የእናቶቻችን ንቅሳት። ግንባር ላይ መስቀል፣ አንገት ላይ የተደረደረ ሐብል የሚመስል መስመር፣ አገጭ፣ የእጅ አንጓ፣ ድድ። ጥላሸት ከቅጠል ጭማቂ ጋር እየተቀላቀለ በመርፌ ወይም በእሾህ የተወጋ ነው። የገጠር ሴት አያት ያለችበት የዘመን ፊልም ሲሠራ ንቅሳቱ ቀሚሱንና ሹርባውን ያህል ሥራ ይፈልጋል፤ ብዙ ጊዜ ግን ቀረጻው ሊጀመር ሲል በእስክሪብቶ ይሰመራል። አዎ፣ በቢክ እስክሪብቶ። አይቻለሁ።

አንድ ቀን ለአንዲት ተዋናይት የአንገት ንቅሳት እየሠራሁ፣ ለአጃቢነት የመጡ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀምጠው ይመለከቱ ነበር። የእሳቸው ንቅሳት በልጅነታቸው የተሠራ ነው። “እማማ፣ አንገትዎን ልየው?” አልኳቸው። ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው “እዪው ልጄ፤ ያኔማ ክር ነበር የሚመስል፣ አሁን ውሃ ጠጥቷል” አሉኝ። ከዚህ የተሻለ መመሪያ ከየትም አላገኘሁም። የአዲስ ንቅሳት መስመር ስለት አለው፤ የሃምሳ ዓመት ንቅሳት ጠርዙ በቆዳ ውስጥ ተበትኗል፣ ጥቁሩ ወደ ሰማያዊ-አረንጓዴ ሄዷል፣ የቆዳው እጥፋት ሲታጠፍ መስመሩም አብሮ ይሰበራል። እናም መስመሩን በቀጭን ብሩሽ ከጥቁር፣ ከሰማያዊና ከትንሽ አረንጓዴ ቅልቅል አሰምረዋለሁ። ሲደርቅ አልኮል በነካ ስፖንጅ አንዴ ብቻ ጫን አድርጌ አነሣለሁ፤ ጠርዙ ይበተናል። ከዚያ የቆዳዋን ቀለም አቅጥኜ በላዩ። አንገቷን ወደ ግራ ወደ ቀኝ እንድታዞር አድርጌ፣ እጥፋቱ ውስጥ የተጠራቀመውን እቀንሳለሁ።

ቀረጻው ለሳምንታት የሚቆይ ከሆነ ይህንን በየጠዋቱ በእጅ መሳል ሞኝነት ነው። ያገለገለ የራጅ ፊልም በሙቅ ውሃና በበረኪና ሲታጠብ ጥርት ያለ ፕላስቲክ ይወጣዋል። ንድፉን እሱ ላይ በስለታም ምላጭ ቆርጣችሁ፣ የማንቁርቱንና የአጥንቱን ቦታ ምልክት አድርጋችሁበት ያዙ። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ያርፍላችኋል። ንድፉን ግን ከኢንተርኔት አትቅዱ። አካባቢ ከአካባቢ ይለያል፤ ባለታሪኳ የየት አገር ሰው እንደሆነች ጽሑፉን አንብባችሁ፣ የአካባቢውን ሰው ጠይቃችሁ ሥሩ።

ድዱን አልሠራም። የአልኮል ቀለም አፍ ውስጥ፣ ዓይን ውስጥ፣ የተላጠ ቆዳ ላይ አይገባም። የተነቀሰ ድድ ለታሪኩ ግድ ከሆነ ንቅሳቱ ያላትን ሴት ፈልጉ፤ ካልሆነ ፈገግታውን ከሩቅ ቅረጹት።

አሁን ሣጥኑም አልኮሉም ከየት እንደሚገኙ ልናገር። ሣጥኑ በአብዛኛው ከዱባይ ወይም ከአሜሪካ በሰው ሻንጣ የሚመጣ ነው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዋጋውን መናገር ያሳቅቃል። አልኮል ግን አገራችን አላጣችም። የፊንጫ ስኳር ፋብሪካ ኤታኖል ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ለአዲስ አበባ መኪኖች ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ ነበር። ለእኛ ሥራ የሚፈለገው ውሃው ትንሽ የሆነ ነው፤ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል፣ ሞባይል ጠጋኞች ሰርኪት የሚያጥቡበት ዓይነት፣ ወይም ጥራቱ የታወቀ 96 በመቶ ኤታኖል። ከኮሮና ዘመን በየቤቱ የተረፈው 70 በመቶ ሳኒታይዘር ቀለሙን በግድ ይፈታል፤ ሠላሳ በመቶው ውሃ ስለሆነ ይንጠባጠባል፣ ዘግይቶ ይደርቃል፣ ጄል ከሆነ ጭራሽ ይላቆጣል። አረቄ የሞከረ ባልደረባ አለኝ። ግማሹና ከዚያ በላይ ውሃ ነው፤ ቀለሙ አልለቀቀም፣ ተዋናዩ ግን ቀኑን ሙሉ የሠርግ ቤት ሲሸት ዋለ።

አንድ ነገር በቀልድ አላልፍም። ምንነቱ ያልታወቀ፣ መለያ የሌለው፣ በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጥ አልኮል የሰው ፊት ላይ አታድርጉ። ሜታኖል ያለበት ሊሆን ይችላል፤ ሜታኖል በቆዳም ይገባል፣ ዓይን ያጠፋል። በእ.ኤ.አ. 2020 የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ሜታኖል የተገኘባቸውን ሳኒታይዘሮች ዝርዝር እያወጣ ሕዝቡን ሲያስጠነቅቅ ነበር። ሽታው አይለየውም፤ ሜታኖሉም ደህናው አልኮልም እንደ አልኮል ነው የሚሸቱት።

ሣጥኑ የእኛን ቆዳ እንደማያውቅ ሁሉ የእኛንም አየር አያውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,355 ሜትር ላይ ናት። የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ውሃ እንኳ እዚህ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አልኮልማ ከብሩሽ እስከ ጉንጭ ሳይደርስ ይተናል። ዩቲዩብ ላይ ሎስ አንጀለስ ተቀምጦ የሚያስተምረው ሰው “ለማዋሃድ ጊዜ አላችሁ” ይላል፤ የለንም፣ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር። ትንሽ ትንሽ ቦታ እየያዛችሁ ሥሩ። እንጦጦ ላይ ስትቀርጹ ከዚህም ይፈጥናል። አዋሽ ወርዳችሁ ስትቀርጹ ችግሩ ይገለበጣል፤ ቀለሙ ሳይዝ ላቡ ከሥር ይመጣል። ቆዳውን መጀመሪያ በአልኮል ጠርጎ ማድረቅ፣ ከዚያ መቀባት።

ሌላው የእሳት ነገር ነው። ብዙ ድራማ የሚቀረጸው በኪራይ ቤት ነው፤ እዚሁ ጎተራ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ጭምር። ሳሎኑን ካሜራ ይይዘዋል፣ መኝታ ቤቱን አልባሳት ይይዘዋል፣ ሜካፕ ወጥ ቤት ይላካል። ወጥ ቤት ውስጥ ለቀረጻ ቡድኑ ቡና እየተፈላ ነው፤ የከሰል ምድጃ ተቀጣጥሏል፣ ዕጣኑ ይጤሳል፣ በሩ ጭሱ ወደ ሳሎን እንዳይገባ ተዘግቷል። እዚያ መሐል እኔ የአልኮል ጠርሙስ ከፍቻለሁ። 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ከ12 ዲግሪ ሴልሺየስ ጀምሮ በብልጭታ የሚቀጣጠል ተን ያወጣል፤ በአዲስ አበባ ቀን ላይ ከዚያ የሚቀዘቅዝ ክፍል ስንት አለ? ተኑ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ወለል ይወርዳል፣ ምድጃውም ወለል ላይ ነው። ስለዚህ ቡናው ይቅደም ወይም ሜካፑ ይቅደም። እኔ በበኩሌ ቡናውን አስቀድሜ፣ ጠጥቼ፣ ከሰሉ ከወጣና መስኮቱ ከተከፈተ በኋላ እጀምራለሁ። ጠርሙሱን ክፍት አላስቀምጥም፤ ትንሽ በብረት ስኒ ቀድቼ ክዳኑን እዘጋለሁ። ጧፍ ወይም ኩራዝ የሚበራበት ሲን ካለ፣ ከቀባሁት በኋላ ሙሉ በሙሉ እስኪደርቅ ተዋናዩን አልለቅም። ፕሮዲዩሰሩ ሰዓቱን ቢያይም።

ስለ ኮንቲኒዩቲ ብዙ አልልም፤ ሙያተኞቹ ታውቁታላችሁና። ሲኖቹ በቅደም ተከተል አይቀረጹም፤ በታሪኩ ሦስተኛ ቀን ላይ ያለው ብልዝ ጠዋት ይቀረጽና የመጀመሪያው ቀን ቡጢ ከሰዓት ይመጣል። ተዋናዩ ማታ ሌላ ድራማ ላይ ጤነኛ ሆኖ መታየት አለበት። ጽሑፉን ቀድማችሁ አንብቡ፤ ቁስሉ በታሪኩ ስንተኛ ቀን ላይ እንዳለ በየሲኑ ዳር ጻፉ፤ በተፈጥሮ ብርሃን ከሁለት አቅጣጫ ፎቶ አንሡ። ሜካፕ ሠሪን ቀረጻው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው የምትጠሩ ፕሮዲዩሰሮች፣ እዚህ ካላችሁ፣ ይህንን ልትሰሙት ይገባል። የተዋናዩን ቆዳ አስቀድሜ አይቼ ቀለሜን ሳልቀምም የምሠራው ሥራ የሣጥኑ ሥራ ነው የሚሆነው። ለቀለም ሙከራ አንድ ግማሽ ቀን ክፈሉን። ያንን ግማሽ ቀን ያልከፈለ ፕሮዲዩሰር በኋላ ኤዲቲንግ ክፍል ውስጥ የሁለት ሳምንት የቀለም እርማት ሲከፍል ታዝቤያለሁ።

በመጨረሻ ማስለቀቅ። ቀኑ መሽቶ፣ ትራንስፖርት ተጠርቶ፣ ሁሉም ሲቸኩል የሚሠራ ስለሆነ የሚበላሸውም ያኔ ነው። ቀለሙ በአልኮል ይፈታል ብሎ በአልኮልና በጥጥ መፋቅ የተለመደ ነው። አታድርጉት። የእኛ ቆዳ ሲፋቅና ሲቆጣ አይቀላም ብለን አንዘናጋ፤ ሲድን ግን ጠቁሮ ይቀራል፣ ያ ጥቁረት ወራት ሊቆይ ይችላል። ፊቱ እንጀራው የሆነን ሰው እንዲህ ማድረግ ግፍ ነው። ለዚህ የሚሠራ በአይሶፕሮፒል ማይሪስቴት የተዘጋጀ ማስለቀቂያ አለ፤ ከጠፋ የሕፃናት ዘይት ወይም የኮኮናት ዘይት ቀብቶ አሥር ደቂቃ መተው፣ በለስላሳ ጨርቅ መጥረግ፣ መድገም፣ ከዚያ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ። የቀረው ትንሽ ጥላ ነገ ይወርዳል። አዲስ የተላጨ ጢም ላይ ደግሞ ማስለቀቁም መቀባቱም ያቃጥላል፤ ወንዶቹ ከቀረጻው በፊት ባለው ምሽት ተላጭተው ቢመጡ ሁላችንም እናርፋለን።

ከዚህ በላይ በአፍ ማስረዳት አይቻልም፤ ሞኒተሩ ተከፍቷል፣ መብራቱም ተስተካክሏል። ሁለት ፈቃደኞች እፈልጋለሁ፤ አንድ ጠይም፣ አንድ ቀይ ዳማ፣ ጎን ለጎን እንዲታዩ። ዛሬ ጠዋት የተላጨ፣ ፊቱ ላይ ቁስል ወይም ሽፍታ ያለበት፣ አስም ያለበት አይምጣ። መስኮት አጠገብ ያላችሁ ክፈቱልኝ፤ ከበሩ ውጭ የሚጤሰውንም ሲጋራ አጥፉልኝ። ጥያቄ ያላችሁ እየሠራሁ ጠይቁኝ፤ ማን ይቅደም?